ሪዝ ማሳደግ ወይስ ሩጫ፦ ለወንዶች ጤና በጅማ

በ2003 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን በ30 ወንዶች የተጀመረው ሞቬምበር፣ ተሳታፊዎች በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ሪዛቸውን እያሳደጉ ለፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) እና ለዘር ፍሬ ካንሰር እንዲሁም ለአእምሮ ጤና ገንዘብ የሚያሰባስቡበት፣ ወጪው እጅግ አነስተኛ የሆነ ዘመቻ ነው። ሆኖም ሪዝና ጢም የዘወትር ገጽታ በሆነበት በጅማ «ለምን አሳደግህ?» ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር፣ ስለ ወንዶች ጤና ወሬውን የሚያስጀምረው ጥያቄ ራሱ ይጠፋል።

የጎዳና ሩጫ በአንጻሩ ቲሸርት በመሸጥ ገንዘቡን አስቀድሞ ያስገኛል፤ መንገድ የማዘጋትና አምቡላንስ የማቆም ጣጣ ግን አለበት። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚያሰጋው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ ሲጀምርም ብዙውን ጊዜ ምልክት የማያሳይ ሆኖ ሳለ፣ ለሩጫ የሚወጣው ግን በብዛት ወጣቱ ነው። ያም ሆኖ ሩጫውን እመርጣለሁ፤ ወጣቶቹ አባቶቻቸውን ይዘው እንዲመጡና በመድረሻው ላይ ሐኪሞች የሚያማክሩበት ድንኳን እንዲተከል ከተደረገ።