ሰብዉፈራችንን በወጉ ላስተካከለልን የጅማ ባለሙያ ምስጋና

የጅማ ልጆች፣ ቤታችሁ ደህና ስፒከር እያለ ድምፁ አልጥም ካላችሁ ሰው ልጠቁማችሁ። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የሚሰራ የድምፅ ባለሙያ ነው። እጁን ይባርክልን።

የኛ ቤት ችግር ቤዙ ነበር። ሰብዉፈሩ፣ ያ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣው ስፒከር፣ የሳሎኑ ጥግ ላይ ሆኖ ቡም ቡም ይላል እንጂ ቤዝ ጊታሩ ምን እንደሚጫወት አይለይም። የዘፋኙንም ድምፅ ይውጠዋል። ሌላ ቦታ ስንጠይቅ «ትልቅ ግዙ» ተባልን። እሱ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ «ዕቃችሁ ምንም አልሆነ፣ ቦታው ነው» አለን።

ቀጥሎ ያደረገው በጣም ገረመኝ። ሰብዉፈሩን አንስቶ እኔ የምቀመጥበት ሶፋ ላይ አወጣው። አንድ ዘፈን ደጋግመን እንድንከፍት ነግሮን፣ እሱ እየዳኸ ግድግዳ ግድግዳውን ዞረ። ጆሮው ወለሉ አጠገብ ነው። አንዱ ጋ ቤዙ ይጮሃል፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ጭራሽ ይጠፋል። ጥርት ብሎ የተሰማው ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና ሰብዉፈሩን እዚያ ተከለው። ሶፋው ላይ ስቀመጥ ያው ጥርት ያለ ድምፅ መጣልኝ! ምክንያቱንም አስረዳን። እንደ 40 ሄርዝ ያለ ወፍራም ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ከብዙ ሰው ሳሎን ይበልጣል። ከግድግዳ እየተመለሰ አንዱ ጋ ይደራረባል፣ ሌላው ጋ ይጠፋፋል። ጥግ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ ከየት በታች ያለውን ድምፅ እንደሚይዝ የሚወስነውን ማስተካከያ፣ 80 ሄርዝ ላይ አደረገው። ፌዙን (phase)፣ ማለትም የሰብዉፈሩን ሞገድ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚያገጣጥመውን ማስተካከያ፣ ከ0 ወደ 180 ዲግሪ እያገላበጠ «የቱ ይሞላል?» እያለ እኔን ያስመርጠኛል። ቮልዩሙን ቀነሰው እንጂ አልጨመረም። ሰብዉፈሩ ያወጣው የነበረው «እምምም» የሚል ድምፅም አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) እና ሰብዉፈሩን አንድ ሶኬት ላይ ሲሰካቸው ለቀቀን።

አሁን ከበሮው ደረት ላይ ይሰማል፣ ክራሩም አይሸፈንም። አባታችን የድሮ ዘፈኖቹን ከፍቶ «ይሄ ቤዝ ድሮም ነበረ እንዴ?» ይላል። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማም ተመስገን ብለዋል።

ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ነገረን፣ ሲጨርስም አንድ ብር አልጨመረም። ዕቃ ልሽጥላችሁ የሚል ነገርም ከአፉ አልወጣም። ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ሲመጣ ጆሯችሁ በደንብ የሚያውቀውን ዘፈን አዘጋጅታችሁ ጠብቁት፤ በሱ ነው የሚያስተካክልላችሁ።