የ1970 ሼቬል ኤስ ኤስ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ይህን መርማሪ ቀድማችሁ ጥሩ

ምስጋና ለሚገባው ይድረስ። ሜሪላንድ ውስጥ የቆዩ የአሜሪካ መኪኖችን ከግዢ በፊት የሚመረምር አንድ የአገራችን ልጅ አለ። አንድ የ1970 ሼቬል ኤስ ኤስ 454 (የሼቭሮሌ ኃይለኛ ሞዴል፣ ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር) ፈትሾ የጻፈውን ሪፖርት ካየን በኋላ ዝም ማለት ነውር መሰለን።

ሼቬል አስቸጋሪ መኪና ነው። የፎርድ ባለቤት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ማርቲ ሪፖርት (መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው ከፎርድ መዝገብ የሚያሳይ ሰነድ) ያዛል፤ ፖንቲያክ ያለው ደግሞ ፒ ኤች ኤስ ከሚባለው የፖንቲያክ መዛግብት አገልግሎት የፋብሪካውን ሰነድ ቅጂ ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ ለተሸጠ የ1970 ሼቬል እንዲህ ያለ መዝገብ የለም (ካናዳ የተሸጡት ዕድለኞች ናቸው)። የሻንሲ ቁጥሩም አያድንም፤ በ13637 ሲጀምር ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ (የሼቬል አንዱ ዓይነት) ኩፔ መሆኑን እንጂ ኤስ ኤስ መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ተራ ማሊቡ ላይ አርማ ለጥፎ፣ ባለ ጉብታ ኮፈኖና 454 ሞተር ገጥሞ በኤስ ኤስ ዋጋ መሸጥ የተለመደ ነው። 454 ሞተር ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ 450 ፈረስ ጉልበቱ ኤል ኤስ 6 ከባለ 360ው ኤል ኤስ 5 በዋጋ እጅግ ስለሚርቅ ማጭበርበሩም የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።

ልጁ በመጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩ ሰሌዳ የተያዘበትን ሪቬት (የብረት ማያያዣ) ያያል። የፋብሪካው የአበባ ቅርጽ አለው፤ ተራ ሪቬት ከሆነ ሰሌዳው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ይሄዳል፤ በተሳፋሪው በኩል ከቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ፊት ያለችውን፣ ቁጥር የተመታባትን ጠፍጣፋ ቦታ በለስላሳ ብሩሽና በቅባት ማጽጃ ያጸዳል። የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት አያስነካትም፤ ከቁጥሩ ሥር ከፋብሪካው መቁረጫ የቀሩ ቀጫጭን ትይዩ ጭረቶች አሉና፣ ዋናው ምስክር እነሱ ናቸው። ሞተሩ ሲታደስ ገጹ ከተላገ ጭረቱም ቁጥሩም ይጠፋል፤ ያኔ አዲስ ቁጥር የሚመታበት አይጠፋም። ገጹ እንደ መስታወት ለስልሶ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ከታየ ጠርጥሩ።

ከዚያ ቀን ያመሳክራል። ሞኖብሎኩ ላይ ኤ 14 0 ካለ ጃንዋሪ 14 ቀን 1970 ቀልጦ ወጣ ማለት ነው፤ ቲ0119 ደግሞ ሞተሩ ጃንዋሪ 19 ቶናዋንዳ በሚገኘው የሼቭሮሌ ሞተር ፋብሪካ ተገጣጠመ ማለት ነው። የአካሉ ሰሌዳ 01ዲ ካለ የጃንዋሪ አራተኛ ሳምንት ነው፤ ይገጥማል። ሞኖብሎኩ ከአካሉ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ቀኑ ገጥሞም ቢሆን ከሻንሲው ጋር የሚመሳሰለው ቁጥር ከሌለ «ዘመኑን የጠበቀ፣ የራሱ ያልሆነ» ብሎ ይጽፋል። ሪፖርቱን ባየነው መኪና ላይ «ሁሉም የራሱ ነው» ሲባል የነበረው ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) የሌላ መኪና ሆኖ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሻጩም ዋጋ ቀነሰ።

የፋብሪካውን የሥራ ወረቀት (መኪናው ምን እንዲገጠምለት የታዘዘበትን ዝርዝር) የኋላ መቀመጫ ስፕሪንግ ውስጥና ነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ይፈልጋል። ካገኘ ሳያነሳ መጀመሪያ ባለበት ፎቶ ያነሳዋል፤ ወረቀቱ ደርቆ ሲገለጥ ይፈረፈራል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርም ያነባል፤ በፋብሪካው መስመር ጎኑ የነበረ መኪና ወረቀት በስህተት የገባበት ሼቬል ብዙ ነው። አዲስ ታትሞ በሻይ የተነከረ «አሮጌ» ወረቀትም አለ።

ላሜራውን በቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞራል። ስቱኮ (ዝገትንና ጉዳትን የሚሸፍን መሙያ) የሚበዛው የኋላ ጎማ ቅስት ላይና ከኋላ መስታወቱ ሥር ነው፤ በተለይ ጣሪያው ቪኒል ከለበሰ ውሃ እዚያ ይቋጥራል።

ቅሬታም አለን፤ ሥራው ዘገምተኛ ነው፣ ሪፖርቱን ለመላክም አይቸኩልም። ዋጋ ገምትልኝ ብትሉት አይሆንም ይላል፤ እሱ ደግሞ ልክ ነው፣ መርማሪና ገማች አንድ ሰው ባይሆን ይሻላል።

ከመጥራታችሁ በፊት ሊፍት ያለበት ጋራዥ አመቻቹ፤ የኋላ መቀመጫው እንዲነሳም ከሻጩ ፈቃድ ያዙ። ሻጩ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።