መስጂድ ልታሠሩ ላሰባችሁ፦ የባሕር ዳሯን አርክቴክታችንን እዩልኝ

አሰላሙ ዓለይኩም ወገኖች። እዚህ ባሕር ዳር የሰፈራችንን መስጂድ የሴቶች ክፍልና ከጎኑ ያለውን የእህቶች ማዕከል የነደፈችልንን አርክቴክት በአደባባይ ላመሰግናት ነው። እህቴ፣ ጀዛኪላሁ ኸይረን!

ከእሷ በፊት የቀረበልን ፕላን ሴቶቹን ከኋላ ከመጋረጃ ጀርባ የሚወሽቅ ነበር። ዉዱእ (ከሶላት በፊት ያለውን ትጥበት) ለማድረግ እንኳ በወንዶቹ በር ማለፍ ነበረብን። እሷ ግን እርሳስ ሳታነሳ መጀመሪያ እናቶችን ሰብስባ ጠየቀች፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የት ይቀመጡ፣ የምታጠባዋ የት ትሁን፣ የረመዳን ሌሊት ሶላት ተራዊህ ላይ አምሽተን በየት በኩል እንውጣ፣ ሁሉንም ጻፈች።

አሁን ኢማሙን በእንጨቱ ርብራብ በኩል እናያቸዋለን። መብራት ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው ሲዘጋ ሩኩዕ (ማጎንበስ) ላይ ይሁኑ ሱጁድ (ግንባር መሬት ማስነካት) ላይ ግራ መጋባት ቀረ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ማዕከሉ ደግሞ ከሶላት ቤቱ በግቢ ስለተለየ ሐይድ (የወር አበባ) ላይ ያለች እህትም ደርሷ፣ ማለትም የዲን ትምህርቷ፣ አያመልጣትም፣ ልጆች ቢጮኹም ሰጋጅ አይረበሽም።

ቦታችን ጠማማ ነው። ቂብላው፣ ማለትም ወደ መካ ዞረን የምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ከዚህ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ከመንገዱ ጋር አይገጥምም። ሶላት ቤቱን ብቻ ወደ ቂብላ አዞረችውና በማዕዘኖቹ የተረፈውን ቦታ የብርሃንና የአየር መግቢያ አደረገችው። ይህን የተማረችው ዳካ፣ ባንግላዴሽ ካለው ባይት ኡር ሩፍ መስጂድ እንደሆነ ነግራናለች። ያንን መስጂድ የነደፈችው ማሪና ታባሱም የምትባል አርክቴክት ናት፣ መሬቱን የሰጡት አያቷ ናቸው። ጉልላትም ሚናራም የለውም፣ ጡብና ብርሃን ብቻ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። «ሴት መስጂድ ትነድፋለች ወይ?» ላሉ አባቶች የእኛዋ አርክቴክት ፎቶውን አሳየቻቸው። ኢስታንቡል ያለውን የሻኪሪን መስጂድ ውስጡን ያሳመረችውም ሴት መሆኗን ሲሰሙ እነሱው ጠበቃዋ ሆኑ።

ቶሎ አትጨርስም፣ ይሄን ልንገራችሁ። የሚቸኩል ሰው ሊከፋው ይችላል። ግን ግንበኛው ሥራ ሲጀምር ቆማ ታያለች፣ የዉዱእ ቦታው ውኃ ወዴት እንደሚፈስ ሳይቀር ታጣራለች።

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ያላችሁ ጀማዓዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ብቻ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጥሯት፤ ሴቶቻችሁም ስብሰባው ላይ ይኑሩ፣ እነሱን ሳታነጋግር አትጀምርም።