ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፦ በአደንጓሬ አበባ ላይ የተፈተነ

በሐዋሳ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት ይህ አጉሊ መነጽር አውራ ጣት የሚያህልና ከብረት ሽፋኑ ውስጥ እየዞረ የሚወጣ ነው። ሻጩ ለሰዓት ጠጋኞችና ለወርቅ አንጥረኞች እንደሚሆን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የገዛሁት በግቢያችን አጥር ላይ የተሳበውን አደንጓሬ ለሚጎበኙት ትናንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ስል ስለሆነ ግምገማዬ ከዚህ ሥራ አያልፍም። ቢራቢሮዋ ሳይንሳዊ ስሟ ላምፒደስ ቦይቲከስ ሲሆን ከአፍሪካ እስከ ደቡብ አውሮፓና እስያ ድረስ በባቄላና በአተር ወገን ተክሎች ላይ ትታወቃለች።

በአበባው እምቡጥ ላይ አንድ በአንድ የምትጥለው እንቁላል ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ በዓይን ሲታይ የአቧራ ቅንጣት ይመስላል፤ በመነጽሩ ግን ላዩ መረብ የመሰለ ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ደረጃ መነጽሩ እንከን አይወጣለትም።

ዋናው ፈተና እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። አበባውን፣ ኋላም እሸቱን ሰርስሮ ገብቶ ፍሬውን የሚበላው ይህ ትል ቀለሙ ከተክሉ ጋር ስለሚመሳሰል የሚያጋልጡት በዙሪያው የሚርመሰመሱት ጉንዳኖች ናቸው። በጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ በኩል፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ አለው፤ ጉንዳኖቹ በአንቴናቸው ሲደባብሱት ስኳርና አሚኖ አሲድ ያለበት ጠብታ ይወጣና ይልሱታል፤ በአንጻሩ በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን ሊጥሉ የሚመጡትን ጥገኛ ተርቦች ያባርሩለታል። ጠብታዋ ስትወጣ ለማየት ሦስት ማለዳ ፈጅቶብኛል፤ ጥፋቱም በከፊል የመነጽሩ ነው። ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከሚታየው ነገር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲርቅ ብቻ በመሆኑ የራሴ ጥላ ያጨልመዋል፣ ትንፋሼ ጉንዳኖቹን ይበትናቸዋል፣ የሚሮጥ ጉንዳን ደግሞ ከጠባቡ ክብ ወዲያው ይወጣል። መፍትሔ የሆነኝ መነጽሩን ከዓይኔ ጋር አጣብቄ ቅርንጫፉን በቀስታ ወደ ራሴ ማቅረብ ነው። (ጎረቤቴ እትዬ «ልጄ፣ እሸትህን እየበላብህ ቆመህ ታየዋለህ?» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው።)

ትሉ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ ስለሚያልፍበት ሽፋን፣ ስለ ፑፓው፣ ብዙ የምለው የለም፤ በደረቀ ቅጠል መሐል የተኛ ቡናማ ነገር ነው። ክንፍ ላወጣችው ቢራቢሮ መነጽሩ ከነጭራሹ አያገለግልም፤ ሳይጠጓት ትበራለች። በኋላ ክንፏ ጫፍ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦችና ቀጫጭን ጭራዎች ዓይንና አንቴና መስለው ወፍን የሚያሳስቱበትን መንገድ በባዶ ዓይን ማየት ይሻላል።

አንዳንድ ገዢ፣ ትሉ በጉንዳን ጎጆ ውስጥ ገብቶ ያድጋል የሚለውን ሰምቶ ይህን አያለሁ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ያ የሌላ ዘመዷ፣ የአውሮፓው ትልቁ ሰማያዊ ቢራቢሮ ታሪክ ነው። የእርሱን እጭ ቀይ ጉንዳኖች የራሳቸው ልጅ መስሏቸው ወደ ጎጇቸው ይወስዱታል፤ እርሱም የእነርሱን እጭ እየበላ ከመሬት በታች ወራት ያሳልፋል። በብሪታኒያ ግጦሽ ቀንሶ ሣሩ ሲረዝም መሬቱ ቀዝቅዞ አሳዳጊው ጉንዳን በመመናመኑ፣ ቢራቢሮው እ.ኤ.አ. በ1979 ጠፍቶ በ1983 ዘሩ ከስዊድን እንዲመጣ ተደርጓል። ያን ክፍል የትኛውም የኪስ መነጽር አያሳይም።

መደብሩ ባለ 5 እጥፍም አለው። ለእንቁላል ባለ 10ሩን አልለውጠውም፤ ለጉንዳኖቹ ግን ሰፋ አድርጎ የሚያሳየውን ያንን ልጨምር ነው።