ጅማ ላይ የቢሮ ኔትወርክ ለምታሰሩ፣ ሄርማታ ስላለው ጥገና ቤት

ፎቶ ኮፒ ቤታችን ዋይፋዩ ይይዛል ኢንተርኔት ግን የለም፣ ፕሪንተሩ ጠዋት ይሰራል ከሰዓት ይጠፋል፣ ሲያማርረን ሄርማታ ካሉት ኮምፒውተር ጥገና ቤቶች አንዱን ጠራን። ልጁ እንደሌሎቹ ኬብል መነቃቀል አልጀመረም፣ ላፕቶፑን ሰክቶ መጀመሪያ አይፒ (የየዕቃውን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ነው ያየው። ለካ ሞደሙ 192.168.1.1 ነው፣ በኋላ የተጨመረው ራውተርም ያው 192.168.1.1! ሁለቱም በየፊናቸው አድራሻ ያድላሉ። "ጋሼ ይሄ የግል አድራሻ ነው፣ 10 እና 192.168 ብለው የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም፣ በ1996 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 1918 በሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው፣ ጎረቤትዎ ይሄንኑ ቢጠቀም ምንም አይልም፣ እዚሁ ቤት ሁለት ሲሆን ነው የሚጋጨው" አለኝ።

የራውተሩን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን) አጠፋው፣ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረገና ከሞደሙ የሚመጣውን ኬብል ከራውተሩ ዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ወደ ላን (የውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳ ቀየረው። ሞደሙ መጨረሻቸው ከ100 እስከ 200 የሆኑ አድራሻዎችን እንዲያድል አድርጎ ፕሪንተሩን 192.168.1.20 ላይ አሰረው፣ ከዛ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ካሜራ ከቤት ሆኜ በዛው በ192.168 ቁጥሩ ልይ ስለው ግን 192.168 ኢንተርኔት ላይ አይሄድም፣ በአፑ ነው የሚታየው አለኝ፣ አፑን ጭኖልኝ ሄደ።

ቀጠሮ ላይ ግን ዜሮ ነው፣ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ከጁምዓ በኋላ ከች አለ። የቀየረውንም ካልጠየቃችሁት ጽፎ አይሰጥም፣ እኔ አስጽፌ ሞደሙ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። ዋጋው አይጎዳም፣ እናንተም አስጽፉት።