ለኢንቨስተር የሚመከሩ መጻሕፍት፦ የትኛው ምዕራፍ ይነበብ፣ የትኛው ይታለፍ

ለኢንቨስተሮች የሚወጡ የመጻሕፍት ዝርዝሮች መጽሐፉ ዝነኛ መሆኑን ይነግሩናል እንጂ የትኛው ክፍሉ እንዳረጀ፣ የትኛው ቁጥር እንደተስተካከለ አይነግሩንም። ገንዘቡን ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው ግን ከዝናው ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። እዚህ የተመረጡት ሁሉ መነበብ የሚገባቸው ናቸው፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን ግን አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤንጃሚን ግርሃም «ዘ ኢንተሊጀንት ኢንቨስተር» በ1949 ታተመ፤ ደራሲው ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ያሻሻለው በ1973 ነው። ሲገዛ ጄሰን ዝዋይግ ማብራሪያ የጨመረበት እትም ይመረጥ፤ ያለ ማብራሪያው ብዙዎቹ የኩባንያ ምሳሌዎች ለዛሬ አንባቢ ባዳ ናቸው። በመጀመሪያ ምዕራፍ 8 ይነበብ፣ ቀጥሎ ምዕራፍ 20። ምዕራፍ 8 በየቀኑ እየመጣ ዋጋ የሚጠራ፣ አንድ ቀን በደስታ የሰከረ፣ ሌላ ቀን ተስፋ የቆረጠ «አቶ ገበያ» የሚባል ሸሪክ ያስተዋውቃል። የጠራውን ዋጋ መቀበልም ችላ ማለትም የእናንተ ፈንታ ነው። ምዕራፍ 20 ደግሞ ስለ ደኅንነት ህዳግ ነው፤ ግምታችሁ ቢሳሳት እንኳ እንዳትጎዱ ከገመታችሁት ዋጋ በደንብ ዝቅ ብሎ መግዛት ማለት ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ያለው የአክሲዮንና የቦንድ ድርሻ ሕግም (አንዳቸውም ከ25 በመቶ እንዳያንሱ፣ ከ75 በመቶ እንዳይበልጡ) አሁንም ቀላልና ጠቃሚ ነው።

ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ግርሃም ለጥንቁቅ ኢንቨስተር ያስቀመጠው መለኪያ እንዲህ ይላል፦ የአክሲዮኑ ዋጋ ከሦስት ዓመት አማካይ ትርፍ 15 እጥፍ፣ ከመዝገብ ዋጋው (በሂሳብ መዝገብ ላይ ካለው የኩባንያው ሀብት ዕዳው ሲቀነስ የሚቀረው) ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ። አንዱ ዝቅ ካለ ሌላው ከፍ ሊል ይችላል፤ ዋናው የሁለቱ ብዜት ከ22.5 አለማለፉ ነው። የትርፉ 9 እጥፍ እና የመዝገብ ዋጋው 2.5 እጥፍ የሆነ አክሲዮን ልክ 22.5 ስለሚመጣ ያልፋል። ችግሩ የመዝገብ ዋጋው ላይ ነው። በግርሃም ዘመን የኩባንያ ሀብት በአብዛኛው ፋብሪካ፣ ማሽንና የተከማቸ ዕቃ ነበር። ዛሬ ለምርምር፣ ለሶፍትዌርና ለንግድ ስም የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው በዚያው ዓመት ወጪ ሆኖ ስለሚመዘገብ በሀብት መዝገቡ ላይ አይታይም። በዚያ ላይ የገዛ አክሲዮኑን ከገበያ መልሶ የሚገዛ ኩባንያ የመዝገብ ዋጋው እየሳሳ ሄዶ ከዜሮ በታች ሊወርድም ይችላል። ስለዚህ ይህን ማጣሪያ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ የጫነ ሰው ጤነኛውን ኩባንያ ጥሎ እየሞተ ያለውን ሊሰበስብ ይችላል። ለባንክና ለከባድ ኢንዱስትሪ ግን መለኪያው አሁንም የተሻለ ይሠራል።

ስለ ቀውስ የሚነበበው የካርመን ራይንሃርት እና የኬኔት ሮጎፍ «ዚስ ታይም ኢዝ ዲፈረንት» (2009) ነው። እንደ ትረካ ከተነበበ ያሰለቻል፤ እንደ ማጣቀሻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ ነው። ከባድ የባንክ ቀውስ ካለፈ በኋላ በአማካይ የቤት ዋጋ ግሽበት ተቀንሶለት በ6 ዓመት ውስጥ 35 በመቶ፣ የአክሲዮን ዋጋ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ 56 በመቶ እንደሚወርድ፣ የሥራ አጥነት መጠን ደግሞ 7 የመቶኛ ነጥብ እንደሚጨምር ያሳያል። «ገበያው ከርሞ ይመለሳል» ለሚል ሰው የሚሰጥ ምላሽ እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ነገር ግን መጽሐፉን ከደራሲዎቹ የ2010 ጽሑፍ ጋር ማምታታት የለብንም። የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ይወድቃል የሚለው መከራከሪያ የገነነው በዚያ ጽሑፍ ነው። በ2013 ሦስት ተመራማሪዎች ደራሲዎቹ ያሰሉበትን የኮምፒውተር ሰንጠረዥ መርምረው 5 አገሮች ከስሌቱ በስህተት መውጣታቸውን አገኙ። በአመዛዘን ዘዴውና በተተዉ ዓመታት ላይ ያነሱት ጥያቄም ሲታከል፣ ከ90 በመቶ በላይ ዕዳ ላለባቸው አገሮች ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ የተባለው አማካይ ዕድገት ወደ 2.2 በመቶ ከፍ አለ። ዛሬም የ90 በመቶውን ወሰን እንደ ሕግ የሚጠቅስ የገበያ ትንተና ካጋጠማችሁ ጸሐፊው እርማቱን አላነበበም ማለት ነው።

የቻርልስ ኪንድልበርገር «ማኒያስ፣ ፓኒክስ ኤንድ ክራሽስ» (1978) የቀውስን ሂደት በቅደም ተከተል ያስረዳል፦ አዲስ ነገር ይመጣል፣ ብድር ይስፋፋል፣ ስካር ይከተላል፣ ከዚያ ጭንቀት፣ በመጨረሻም ሽሽት። ምሳሌዎቹ ከክፍለ ዘመን ወደ ክፍለ ዘመን ስለሚዘሉ አንባቢ ይደክመዋል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አንብቦ መተው ይቻላል።

በዓለም ንግድ ላይ የማርክ ሌቪንሰን «ዘ ቦክስ» (2006) ተወዳዳሪ የለውም፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉን እሱን እንመርጣለን። ርዕሰ ጉዳዩ የመርከብ ኮንቴይነር ነው፤ እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ይህን ያህል ይስባል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። ልቅ ጭነትን በሰው ጉልበት መጫን በቶን 5.83 ዶላር ሲያስወጣ በኮንቴይነር 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም። አሁን ኢንቨስተሩ ይጠይቅ፦ ትርፉ ወደ ማን ሄደ? በአብዛኛው ወደ መርከብ ኩባንያዎች አልሄደም። ሁሉም ግዙፍ መርከብ ለመግዛት ተሽቀዳደሙ፣ የመጫን አቅም ከጭነቱ በለጠ፣ ዋጋ ወረደ፤ የተጠቀሙት ዕቃ ላኪውና ገዢው ሆኑ። ሥራውን የጀመረው ማልኮም ማክሊን እንኳ ነዳጅ ውድ ሆኖ ይቀጥላል ብሎ በዝግታ የሚጓዙ፣ ነዳጅ ቆጣቢ 12 ግዙፍ መርከቦች አዘዘ። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ኩባንያው በ1986 ከሰረ።

የቫክላቭ ስሚል «ሃው ዘ ወርልድ ሪሊ ወርክስ» (2022) ከዚህ ቀጥሎ ቢነበብ ጥሩ ነው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ፕላስቲክና አሞኒያ የዘመናዊ ኑሮ አራት ምሰሶዎች መሆናቸውን በቁጥር ያስረዳል። «ነዳጅ በአሥር ዓመት ይጠፋል» የሚል የኩባንያ መግለጫ ለመፈተሽ የሚያህለው የለም። ግን አሞኒያ አስፈላጊ መሆኑ አሞኒያ አምራች አትራፊ ነው አያሰኝም፤ ስሚል ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ አንድም ነገር አይሰጣችሁም፣ የመስጠት ዓላማም የለውም።

የዳንኤል ካነማን «ቲንኪንግ፣ ፋስት ኤንድ ስሎው» (2011) ላይ ምዕራፍ 4 ይታለፍ። ሰው ሳያውቀው በቃላትና በምስል ይመራል የሚሉት ጥናቶች በትንሽ ናሙና የተሠሩ ነበሩ፤ ካነማን ራሱም ከመጠን በላይ እንዳመናቸው በ2017 ተናግሯል። ምዕራፍ 17 (ወደ አማካይ ስለ መመለስ) እና ምዕራፍ 23 (ከውጭ ስለ ማየት፣ ማለትም የራስን ጉዳይ በመሰሎቹ ውጤት ስለ መገመት) ግን ለኢንቨስተር ወርቅ ናቸው። አምና አንደኛ የወጣው የፈንድ ሥራ አስኪያጅ ዘንድሮ ለምን መካከለኛ እንደሚሆን የሚያስረዳው 17ኛው ነው።

ከመጻሕፍት ውጭ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በየዓመቱ በኤፕሪልና በኦክቶበር የሚያወጣው የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ በነፃ ይገኛል፤ በጃንዋሪና በጁላይ አጭር ማሻሻያ ይከተለዋል። ዜና የሚሆነው የዕድገት ቁጥሩ ነው፤ የሚጠቅመው ግን በሰንጠረዡ ቀኝ በኩል ያለው፣ ከቀድሞው ትንበያ ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ዓምድ ነው። ገበያው የቀድሞውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው የለውጡ አቅጣጫ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው እየተሻሻለ መሆኑን የሚለካበትን ዘዴ የፊሊፕ ቴትሎክ እና የዳን ጋርድነር «ሱፐርፎርካስቲንግ» (2015) ያስተምራል። ዕድሉን በቁጥር ጻፉ፤ ነገሩ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ያዙ፤ በጻፋችሁትና በውጤቱ መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አባዙት። 70 በመቶ (0.7) ብላችሁ ነገሩ ቢሆን 0.09፣ ባይሆን 0.49 ይመጣል። ሁልጊዜ 50 በመቶ የሚል ሰው 0.25 ስለሚያገኝ፣ አማካያችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ ባትገምቱ ይሻላል። ዘዴው የሚከሽፈው ጥያቄው ልቅ ሲሆን ነው። «ወለድ ይቀንሳል» ብሎ የጻፈ ሰው መቼም አይሸነፍም፤ የትኛው ባንክ፣ በስንት ነጥብ፣ እስከ የትኛው ቀን የሚለው አስቀድሞ መጻፍ አለበት።