ያልተበረዘ ወይስ የተበረዘ ኩላንት፦ ለመኪናዎ የትኛውን ይግዙ?

«አገራችን በረዶ የለም፤ ለራዲያተር ውሃ ይበቃል» የሚል ምክር ብዙ ሰው ሰምቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚያሰጋው መፍላቱ እንጂ መቀዝቀዙ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) የሚከፈተው ደግሞ 82 አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እስከያዘ ድረስ ውሃው ቶሎ ስለማይፈላ ችግር የለም፤ ክዳኑ ከደከመ ግን በመካከል የቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ግማሽ በግማሽ በውሃ የተበረዘ ኩላንት (ሞተር የሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ፈሳሽ) በዚያው ከፍታ ያለ ግፊት እንኳ እስከ 100 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በዚያ ላይ ዝገት ይከላከላል፤ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይኼኛው ነው።

ሱቅ ሲገቡ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። «ሬዲ ቱ ዩዝ» ወይም «50/50» የሚለው ተበርዞ የመጣ ነው፤ ውሃ አይጨመርበትም። የቶዮታ ሮዝ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ኩላንት እንዲህ ነው። «ኮንሰንትሬት» የሚለው ያልተበረዘው ነው፤ የሚበርዙት እርስዎ ነዎት። ዋጋ ሲያወዳድሩ 4 ሊትር ያልተበረዘው 8 ሊትር እንደሚወጣው አይርሱ፤ የተበረዘውን ዋጋ በሁለት አባዝተው ነው ማነጻጸር።

ለመሙላት ብቻ ከሆነ ያለ ጥርጥር የተበረዘውን ይግዙ። ሲስተሙን በውሃ አሳጥበው ሙሉ በሙሉ የሚቀይሩ ከሆነ ግን ያልተበረዘው ይሻላል። ምክንያቱን በምሳሌ ልበል፦ ሲስተሙ 5 ሊትር ይይዛል እንበል። ራዲያተሩን ሲያፈሱ ሞተሩ ውስጥ 2 ሊትር የማጠቢያ ውሃ ቀረ። በላዩ 3 ሊትር የተበረዘ ኩላንት ከጨመሩ ከጠቅላላ ውህዱ ንጹሑ ኩላንት 30 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ከሲሶ በታች ሲወርድ ደግሞ የዝገት መከላከያው ይደክማል። መጀመሪያ 2 ሊትር ተኩል ያልተበረዘ ጨምረው ቀሪውን ግማሽ ሊትር በውሃ ቢሞሉት ግን ልክ ግማሽ በግማሽ ይመጣል። ይህን ስሌት የማይሠራ ጋራዥ ብዙ ነው፤ ቆመው ይጠይቁ።

«ከበዛ ይጠነክራል» ብለው ያልተበረዘውን ብቻውን አይሙሉት። ሙቀት ተሸካሚው በዋናነት ውሃው ነው፤ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም።

ለመበረዝ ዲስቲልድ ውሃ (ማዕድኑ የወጣለት ውሃ) ይጠቀሙ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ይዞ ራዲያተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ሃይላንድ የምንለው የታሸገ ውሃም ማዕድን ስላለው ምትክ አይሆንም። ዲስቲልድ ውሃ ባትሪ የሚሸጥበት ቤት ይገኛል፤ በስህተት የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ብቻ ጽሑፉን ያንብቡ።

በጣም ርካሽ የሆነውን ባለቀለም ጀሪካን እንዴት እንለየው? ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን የበረዶ ነጥብ፣ ማለትም ፈሳሹ በረዶ የሚሆንበትን ዲግሪ ይዩ። ብርድ ባያሰጋንም ቁጥሩ ውስጡ ምን ያህል ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ኬሚካል) እንዳለ ይነግረናል። ግማሽ በግማሽ የሆነ ከዜሮ በታች 37 አካባቢ ይጽፋል፤ 18 ከሆነ ሲሶ ገደማ ነው። 4 ወይም 5 ብቻ ከሆነ የገዙት በአብዛኛው ቀለም የገባበት ውሃ ነው። ሚኒሶታ ላሉ ወገኖቻችን ይኼው ቁጥር ክረምቱን ያሻግራቸዋል፤ እኛ ደግሞ ለጥራት መለኪያ እንጠቀምበት።

ቀለም ግን ዋስትና አይደለም። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ የሚለውን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ይመርጣል፤ የሚታየው የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ያገለገለ መኪና ገዝተው ውስጡ ያለው ካልታወቀ ከመጨመር ይልቅ አሳጥበው ይቀይሩ፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ መከላከያው ይበላሻል፣ አንዳንዴም ይረጋል። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ደጅ አያፍስሱት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትና ውሾች ይቀምሱታል፣ ግላይኮሉም ይገድላል።